የግል ትንሽ ግድብ፤ አሠራሩ፣ አጠባበቁና ቁጥጥሩ

በጣራ ገዳም፣ በአዲስ ዘመንና በደብረ ታቦር ደጋ ለሚገኙ ገበሬዎችና የልማት ሠራተኞች

ውሃን ገድቦ ማቆየት ለአገራችን ሰው እንግዳ ሥራ አይደለም። ለጥምቀት በዓል ወንዙን በድንጋይና በጭቃ ዘግቶ ባሕረ ጥምቀት ማዘጋጀት፣ ለከብት መጠጫ ኩሬ መቆፈር፣ ጅረቱን ጠልፎ ወደ እርሻ ማግባት ከአባቶች የተወረሰ ልማድ ነው። ከ1990ዎቹ ዓመታት ወዲህም በአማራና በትግራይ ክልሎች በመንግሥት ዘመቻ ብዙ የቤተሰብ ኩሬዎች ተቆፍረዋል፤ ትንንሽ የአፈር ግድቦችም ተሠርተዋል። እንዲሁም ተዳፋት መሬት ያለው ሰው ወይም በማኅበር የተደራጁ ወጣቶች ምንጩን ገድበው ዓሣ ለማርባት፣ ለእንግዳ ማረፊያና ለመዝናኛ የሚሆን ትንሽ ሐይቅ ለመሥራት ያስቡ ይሆናል። ሐሳቡ መልካም ነው። ነገር ግን ግድብ እንደ ጎተራ ወይም እንደ በረት ያለ ሥራ አይደለም። ጎተራ ቢፈርስ የሚጎዳው ባለቤቱ ነው፤ ግድብ ቢፈርስ ግን አስቀድሞ የሚጎዳው ከበታቹ የሚኖረው ጎረቤት ነው። ስለዚህ ግድብ ለመሥራት ያሰባችሁ፣ ወይም ሠርታችሁ የጨረሳችሁ፣ ከዚህ ቀጥሎ የተጻፈውን አንብባችሁ ከልማት ሠራተኛችሁ ጋር እንድትመክሩበት ያስፈልጋል።

የውሃ ክብደትና ኀይል

አንድ ሜትር ኩብ ውሃ 1,000 ኪሎ ግራም፣ ማለት 10 ኩንታል ይመዝናል። ርዝመቱ 30 ሜትር፣ ወርዱ 20 ሜትር፣ አማካይ ጥልቀቱ 2 ሜትር የሆነ ኩሬ 1,200 ሜትር ኩብ፣ ይኸውም 12,000 ኩንታል ውሃ ይይዛል። 12,000 ኩንታል እህል ከቤታችሁ በላይ ባለው አፋፍ ላይ ተከምሮ ብታዩ ከሥሩ ለመተኛት አትደፍሩም። ውሃ ግን ጸጥ ብሎ ስለሚተኛ ክብደቱን ማንም አያስበውም። «ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው» የተባለውም ስለዚህ ነው።

ውሃው ግድቡን የሚገፋበት ኀይል የሚለካው በኩሬው ስፋት ሳይሆን በጥልቀቱ ነው። ጥልቀቱ እጥፍ ሲሆን በግድቡ ላይ የሚያርፈው ግፊት አራት እጥፍ ይሆናል። ስለዚህ የ2 ሜትር ግድብ ባለቤት «ትንሽ ከፍ ላድርገው» ብሎ 4 ሜትር ቢያደርሰው ጭነቱን ሁለት እጥፍ ብቻ የጨመረ እንዳይመስለው።

የጎርፉንም መጠን አስቡ። በደብረ ታቦር አካባቢ በዓመት 1,500 ሚሊ ሜትር ያህል ዝናብ ሲዘንብ አብዛኛው የሚወርደው ከሰኔ እስከ መስከረም ባሉት ጥቂት ወራት ነው። በአንድ ሰዓት 50 ሚሊ ሜትር ቢዘንብ በ1 ሄክታር መሬት ላይ 500 ሜትር ኩብ ውሃ ያርፋል። ግማሹ እንኳ ወደ መሬት ቢሰርግ 250 ሜትር ኩብ ጎርፍ ሆኖ ይወርዳል። ከኩሬው በላይ ያለው ተፋሰስ 20 ሄክታር ከሆነ በዚያች አንድ ሰዓት 5,000 ሜትር ኩብ ይመጣል። ከላይ የጠቀስነው ኩሬ በዚህ ዐይነት ጎርፍ ከሩብ ሰዓት ባነሰ ጊዜ ይሞላል ማለት ነው። ከዚያ በኋላ የሚመጣው ውሃ መሄጃ ካልተዘጋጀለት መንገዱን በግድቡ አናት ላይ ያበጃል።

ከሌሎች አገሮች የተገኘ ትምህርት

በአሜሪካ በፔንሲልቫንያ ግዛት ሳውዝ ፎርክ የሚባል የአፈር ግድብ ነበረ። ከፍታው 22 ሜትር ያህል ሲሆን፣ ባለቤቶቹ ዓሣ ለማጥመድና ለመዝናናት የተቋቋመ የባለጸጎች ክበብ አባሎች ነበሩ። ከግርጌው ውሃ ማውጫ የነበሩት የብረት ቱቦዎች ከክበቡ በፊት በነበረው ባለቤት ጊዜ ተነቅለው ተሸጠው ነበር፤ ክበቡም በቦታቸው ሌላ አልተካም። ሠረገላ እንዲያልፍበት ተብሎ የግድቡ አናት ዝቅ ተደረገ። ዓሣው እንዳያመልጥ ተብሎም በማስተንፈሻው ላይ የብረት መረብ ተዘረጋ። በ1881 ዓ.ም. (በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1889) በግንቦት ወር ብርቱ ዝናብ ሲዘንብ መረቡ በግንድና በጭራሮ ተደፈነ፤ ውሃው በአናቱ ላይ ፈሰሰ፤ ግድቡም ተደረመሰ። ከግድቡ 22 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ የነበረችው የጆንስታውን ከተማ በጎርፍ ተጠርጋ ከ2,200 በላይ ሰዎች ሞቱ።

በቅርቡም በጎረቤታችን በኬንያ፣ በናኩሩ ካውንቲ ሶላይ በተባለ ስፍራ፣ በግል እርሻ ውስጥ የነበረ ግድብ ግንቦት 1 ቀን 2010 ዓ.ም. ሌሊት ከብርቱ ዝናብ በኋላ ፈርሶ ከ40 በላይ ሰዎች አልቀዋል።

በሳውዝ ፎርክ የታዩት ጥፋቶች ግድቡ ትልቅ ስለ ሆነ ብቻ የመጡ አይደሉም። ውሃ ማውጫ ማጣት፣ አናትን ማሳነስ፣ ማስተንፈሻን በመረብ መዝጋት በ2 ሜትር ግድብም ላይ ሊደረጉ የሚችሉ ናቸው። በዞናችን ያለው የርብ ግድብ ከ70 ሜትር በላይ ከፍታ ስላለው መሐንዲስና ጠባቂ ተመድቦለታል። የገበሬው ግድብ ግን ከባለቤቱ በቀር የሚያየው የለም።

ስለ ቦታው አመራረጥ

ከጣራ ገዳም ጋራ ወደ አዲስ ዘመን ከተማና ወደ ባሕር ዳር–ጎንደር መንገድ የሚወርደው ምድር ተዳፋት ነው። እንዲህ ባለ ቦታ የተለቀቀ ውሃ ወደ ታች ሲወርድ ፍጥነቱ እየጨመረ፣ ድንጋይና ዛፍ እየነቀለ ይሄዳል። ስለዚህ ቦታ ከመምረጣችሁ በፊት ግድቡ ከሚሠራበት ነጥብ ጀምራችሁ የውሃውን መንገድ ተከትላችሁ በእግር ውረዱ። በመንገዱ ላይ ቤት፣ ትምህርት ቤት፣ ቤተ ክርስቲያን፣ የምንጭ ውሃ መቅጃ ወይም መሻገሪያ ካለ ቦታውን ለውጡ። ሌላ ቦታ የለም ብሎ በሰው ራስ ላይ ውሃ መስቀል አይገባም።

ከግድቡ በላይ ያለውም መሬት መታየት አለበት። በደን የተሸፈነ ተፋሰስ ጎርፉን ያዘገየዋል፤ ደለሉንም ያስቀራል። የጣራ ገዳም ደን ለዚህ ምስክር ነው። ያለ እርከን የታረሰ ገደላማ መሬት ግን በጥቂት ክረምት ውስጥ ኩሬውን በደለል ይሞላዋል። ለጎንደር ከተማ የመጠጥ ውሃ የሚሰጠው የአንገረብ ግድብ እንኳ በደለል ብዙ ተጎድቷል። ስለዚህ አስቀድሞ እርከኑን፣ ቀጥሎ ግድቡን መሥራት ይበጃል።

ስለ አሠራሩ

በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ውሃው ያለበትን ወገን የግድቡ ሆድ፣ ደረቁን ወገን የግድቡ ጀርባ እንለዋለን።

1ኛ. ግድቡ የሚያርፍበትን ቦታ ሣሩን፣ ሥሩንና ጥቁሩን የላይ አፈር ጥረጉ። ቀጥሎ በግድቡ መካከል ከዳር እስከ ዳር ጠንካራና ውሃ የማያሳልፍ አፈር እስኪገኝ ድረስ የመሠረት ቦይ ቆፍራችሁ በጥሩ ሸክላማ አፈር ሙሉ። ይህ ካልተደረገ ውሃው ከሥር ይሾልካል።

2ኛ. አፈሩን ፈትኑ። እርጥብ አፈር በመዳፋችሁ መካከል አድቦልቡላችሁ እንደ ጣት ሲረዝም ሳይሰባበር ከያዘ ለግድብ ይሆናል። አሸዋማው ይፈርሳል። ዋልካ አፈር ሲርስ ያብጣል፤ በበጋ ሲደርቅ ግን እጅ የሚያስገባ ስንጥቅ ያወጣል፤ በሰኔ የሚመጣው ውሃም በዚያ ስንጥቅ ይገባል። ስለዚህ ቀይ ሸክላማ አፈር ከተገኘ እርሱ ይመረጣል።

3ኛ. አፈሩን በአንድ ጊዜ አትከምሩ። ከ15 እስከ 20 ሴንቲ ሜትር እየደለደላችሁ፣ በመጠኑ እያራሳችሁ፣ በመጠቅጠቂያ ወይም ከብት በመንዳት ጠቅጥቁ። ተጠቅጥቆ ያላለቀ ድርብ ላይ ሌላ ድርብ አትጨምሩ። አፈሩ ከጊዜ በኋላ ስለሚሰጥም በየ1 ሜትሩ ከፍታ 10 ሴንቲ ሜትር ትርፍ ስጡት።

4ኛ. ሆዱ በየ1 ሜትር ከፍታ 3 ሜትር፣ ጀርባው 2 ሜትር ተኩል እየተንጋለለ ይውረድ። የአናቱ ስፋት ከ3 ሜትር አይነስ።

5ኛ. ቱቦ በግድቡ ውስጥ መቅበር አደገኛ ነው፤ ውሃው በቱቦው ዙሪያ መንገድ ያበጃልና። ለትንሽ ግድብ የሚሻለው ውሃ የሞላ ቱቦ በአናቱ ላይ አሻግሮ፣ የውጭውን ጫፍ ከኩሬው ውሃ ወለል ዝቅ አድርጎ መሳብ ነው።

6ኛ. በግድቡ ላይ ሰርዶ ወይም ሌላ አጭር ሣር ትከሉ እንጂ ዛፍ አትትከሉ። ባሕር ዛፍ ለጥላም ሆነ ለገቢ ተብሎ በግድብ ላይ አይተከል። ሥሩ ውሃ ፍለጋ ወደ ውስጥ ይገባል፤ ዛፉ ተቆርጦ ሥሩ ሲበሰብስ ባዶ ዋሻ ይተዋል።

ከፍታው ከ3 ሜትር የሚበልጥ፣ ወይም ከበታቹ ሰው የሚኖር ግድብ ግን መሐንዲስ ሳይነድፈው ፈጽሞ አይሠራ።

ስለ ማስተንፈሻው

ማስተንፈሻ ማለት ኩሬው ሲሞላ ትርፉ ውሃ የሚወጣበት ቦይ ነው። የአፈር ግድብ ሕይወት በዚህ ላይ የተመሠረተ ነው፤ ውሃ በአናቱ ላይ የፈሰሰበት የአፈር ግድብ ብዙ ጊዜ አይቆይምና። ማስተንፈሻው ከግድቡ ጎን፣ ባልተነካ ጠንካራ መሬት ላይ ይቆፈር። በተከመረ አፈር ላይ አይሠራ። ወለሉ ከግድቡ አናት በ1 ሜትር ዝቅ ይበል። በወለሉ ላይ ውሃው 40 ሴንቲ ሜትር ጥልቀት ይዞ ሲያልፍ በ1 ሜትር ስፋት በሴኮንድ 0.4 ሜትር ኩብ ያህል ያሳልፋል። ከላይ ባሰላነው የ20 ሄክታር ጎርፍ በሴኮንድ 1.4 ሜትር ኩብ ያህል ይመጣል፤ ስለዚህ 3 ሜትር ተኩል ስፋት የግድ ያስፈልጋል ማለት ነው። ነገር ግን ዝናቡ በአንድነት የሚበረታበት ደቂቃ ስላለ ከ5 እስከ 6 ሜትር ማድረግ ይገባል። የልማት ሠራተኛው ይህን ስሌት ለየቦታው ሠርቶ ለባለቤቱ ሊያሳየው ይችላል።

በማስተንፈሻው አፍ ላይ ለዓሣ ብላችሁ መረብ አትዘርጉ፤ ውሃ ለመጨመር ብላችሁም አፈርና ጆንያ አትደርድሩበት። ጥቂት ዓሣ ቢያመልጥ ጉዳቱ ትንሽ ነው።

የአደጋ ምልክቶች

ግድብ አብዛኛውን ጊዜ ሳያስጠነቅቅ አይፈርስም። ምልክቱን የሚያውቅ ሰው ጊዜ ያገኛል።

በጀርባው ላይ እርጥብ ቦታ ወይም ለብቻው የለመለመ ሣር ሲታይ ውሃ እየሾለከ ነው። የሚወጣው ውሃ ጥርት ያለ ከሆነና ካልጨመረ ቦታውን ምልክት አድርጋችሁ በየቀኑ ተመልከቱ። የደፈረሰ ከሆነ ግን ውሃው የግድቡን አፈር ይዞ እየወጣ ነውና አደጋው ቀርቧል። በዚህ ጊዜ ቀዳዳውን በጭቃ አትድፈኑ፤ ውሃው ሌላ መውጫ ይፈልጋል። ይልቅስ መውጫው ላይ በመጀመሪያ አሸዋ፣ ቀጥሎ ጠጠር፣ ቀጥሎ ድንጋይ ጫኑበት። ይህ ውሃውን አሳልፎ አፈሩን ያስቀራል።

በአናቱ ላይ ከሆድ ወደ ጀርባ የተሰነጠቀ ስንጥቅ የውሃ መንገድ ሊሆን ይችላል። በርዝመቱ የተሰነጠቀው ደግሞ ጎኑ ሊንሸራተት መሆኑን ያመለክታል። የሰመጠ አናት፣ የተንሸራተተ ጎን፣ የፍልፈል ወይም የጃርት ጉድጓድ ሁሉ መመዝገብና መጠገን አለባቸው።

አደጋው ሲቀርብ ግድቡን በዶማ ቆርጦ ውሃውን መልቀቅ አይገባም፤ የተቆረጠው ቦታ በደቂቃ ውስጥ ሰፍቶ ያንኑ የተፈራውን ጥፋት ያመጣል። ውሃውን በቱቦ ቀስ በቀስ ዝቅ አድርጉ። ከዚያም በፊት ከበታች ያሉትን ሰዎች ወደ ከፍታ ቦታ አውጡ። ለዚህ እንዲረዳ የየቤቱ አባወራ ስም፣ የስልክ ቁጥርና የመሸሻ መንገድ አስቀድሞ ተጽፎ በባለቤቱና በቀበሌው ዘንድ ይቀመጥ። ሌሊት ስልክ የማይሰማ ስለሚኖር በጥሩምባ ወይም በደወል የሚሰጥ የታወቀ ምልክት ይወሰን፤ ነዋሪውም በግንቦት ወር አንድ ጊዜ ይለማመደው።

ሰውና ከብት እንዳይሰጥም

ግድቡ ባይፈርስም ኩሬው ራሱ ይገድላል። እረኞች ይዋኙበታል፤ ጥጃ ለመጠጣት ወርዶ መውጫ ያጣል። በተለይ በፕላስቲክ የተነጠፈ ኩሬ ጎኑ ስለሚያዳልጥ የገባ ልጅ ብቻውን አይወጣም። ስለዚህ ኩሬውን በአጥር ክበቡ፤ በሩንም ዝጉ። ለከብት ከአጥሩ ውጭ ገንዳ ሥሩ። በአራቱም ጎን ከአናት እስከ ወለል የሚደርስ ቋጠሮ ያለው ገመድ ወይም መሰላል አስሩ። እንግዳ የሚገባበት ከሆነ ጥልቀቱን የሚያሳይ ምልክት ያለበት እንጨት ትከሉ፤ ለዋናም ከወገብ የማያልፍ ቦታ ለዩ፤ ታንኳ ላይ የሚወጣ ሁሉ ተንሳፋፊ ልብስ ይልበስ።

በዳሩ ላይ ክዳኑ የጠበቀ ባዶ ጄሪካን በረጅም ገመድ ታስሮ ሁልጊዜ ይቀመጥ። ሰው ሲሰጥም ዋና የማያውቅ ዘሎ አይግባ፤ ሁለቱም ይሞታሉ። ጄሪካኑን ይወርውርለት፤ ወይም ረጅም እንጨት ያቀብለው።

የወባንም ነገር መዘንጋት አይገባም። በ1991 ዓ.ም. (በአውሮፓውያን 1999) የታተመ በትግራይ የተደረገ ጥናት እንዳሳየው፣ በትንንሽ ግድቦች አጠገብ በሚኖሩ ልጆች ላይ የወባ በሽታ ርቀው ከሚኖሩት ልጆች ሰባት እጥፍ ያህል በዝቶ ተገኝቷል። ጥናቱ የተደረገው ከፍታቸው ከ1,800 ሜትር በላይ በሆኑ መንደሮች ስለ ሆነ «እኛ ወይና ደጋ ነን» ብሎ መዘናጋት አያዋጣም። ከግድቡ ጀርባ ውሃ እንዳይቋት አፍስሱ፤ የዳሩን ሣር እጨዱ፤ አጎበር ተጠቀሙ።

ፈቃድ፣ ኀላፊነትና ቁጥጥር

የኢትዮጵያ የውሃ ሀብት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 197/1992 የውሃ ሥራ ለመገንባትና ውሃ ለመጠቀም ፈቃድ እንደሚያስፈልግ ይደነግጋል። ከፈቃድ ነጻ የተደረጉት በእጅ የሚቆፈር የውሃ ጉድጓድ፣ ባህላዊ መስኖ፣ ባህላዊ የከብት እርባታና የውሃ ወፍጮ የመሳሰሉት ናቸው። ለመዝናኛና ለእንግዳ ማረፊያ የሚሠራ ግድብ ከእነዚህ ጋር አይቆጠርም። ስለዚህ ሥራው ሳይጀመር ወደ ወረዳው የውሃ ጽሕፈት ቤት ሄዶ መጠየቅ ያስፈልጋል። ይኸው አዋጅ ለቤት የሚውል ውሃ ከሌላው አገልግሎት ሁሉ ቅድሚያ እንዲያገኝ ያዛል፤ ለመዝናኛ ተብሎ የታች ሰዎች መጠጥ ሊቋረጥ አይገባም።

ከዚህም በላይ በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 2069 የመሬትን የተፈጥሮ ሁኔታ በመለወጥ ሌላውን ሰው ላልተለመደ አደጋ ያጋለጠ ሰው፣ ጥፋት ባይኖርበትም እንኳ ለደረሰው ጉዳት ኀላፊ እንደሚሆን ይናገራል። «ዝናቡ በዛ እንጂ እኔ አላጠፋሁም» ማለት ብቻውን ከካሳ አያድንም። ከፈቃድ ነጻ መሆንም ከኀላፊነት ነጻ መሆን አይደለም።

ቁጥጥሩ በሦስት ወገን ቢሆን መልካም ነው። ባለቤቱ በየጊዜው ያያል፤ ያየውንም በደብተር ይጽፋል። ከበታች ያሉ ነዋሪዎች ሁለት ሰው መርጠው ከውሃ አባቱ ጋር ግድቡን በነጻ ገብተው የማየት መብት ይሰጣቸዋል፤ ባለቤቱ በር ሊዘጋባቸው አይገባም። የልማት ሠራተኛው ደግሞ በቀበሌው ያሉትን ግድቦችና ኩሬዎች ሁሉ መዝግቦ፣ ከፍታቸውንና ከበታቻቸው ያለውን የቤት ብዛት ጽፎ፣ ከዐቅሙ በላይ የሆነውን ለወረዳው መሐንዲስ ያስተላልፋል።

የዓመቱ ሥራ

ጥቅምትና ኅዳር፦ ክረምቱ ያጠፋውን መርምሩ፤ የተሸረሸረውን ጀርባ በተጠቀጠቀ አፈር ሙሉ።

ከታኅሣሥ እስከ የካቲት፦ ደለሉን አውጡ፤ በተፋሰሱ ላይ እርከን ሥሩ፤ በግድቡ ላይ የበቀለውን ቁጥቋጦ በለጋነቱ ንቀሉ።

ከመጋቢት እስከ ግንቦት፦ የድርቀት ስንጥቆችን ቆፍራችሁ በእርጥብ አፈር ጠቅጥቁ፤ የፍልፈሉን ጉድጓድ ድፈኑ፤ ማስተንፈሻውን ጥረጉ፤ ጥሩምባውንና የመሸሻውን መንገድ ሞክሩ።

ከሰኔ እስከ መስከረም፦ ከእያንዳንዱ ብርቱ ዝናብ በኋላ፣ ቢቻል በዝናቡም ጊዜ፣ ግድቡን ዙሩ፤ የውሃውን ከፍታ በተተከለው እንጨት አይታችሁ ጻፉ። በነዚህ ወራት ባለቤቱ ወደ ሌላ አገር ከሄደ በምትኩ የሚጠብቅ ሰው ያቁም።

በነሐሴ 1998 ዓ.ም. በፎገራና በሊቦ ከምከም ሜዳ የደረሰውን ጎርፍ የሚያስታውስ ሁሉ ከጉና ተራራ የሚወርድ ውሃ ምን እንደሚያደርግ ያውቃል። ያን ጎርፍ ያመጣው ዝናብና የሞሉት ወንዞች ነበሩ፤ ሰው ሊያስቆመው አይችልም ነበር። በገዛ እጃችን የምንገድበው ውሃ ግን በእጃችን ነው። ገና ያልጀመራችሁ ከልማት ሠራተኛችሁ ጋር ቦታውን በእግር ሳትወርዱት ዶማ አታንሱ። የሠራችሁም ይህን ጽሑፍ ይዛችሁ ነገ ጧት የግድባችሁን ጀርባ ዙሩ፤ ማስተንፈሻው ተደፍኖ ወይም የደፈረሰ ውሃ ሲወጣ ካገኛችሁ በዚያው ቀን ለቀበሌው አስታውቁ።